ይድረስ ለክቡር ሐሳብ «አንድ መጋዘን ይበቃናል»

ገላን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቆጠቡልንን ገንዘብ እንዲያሳዩን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከቃሊቲ መንገድና ከነዳጅ ሰልፍ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከዘይት አከፋፋዩ ድርጅታችን፣ መኪኖቹን ከሚያሰማራው ስምሪት ክፍል ነው። እርስዎ ፕሮጀክተር ላይ የተወለዱ ዕለት የእኛ ክፍል ስብሰባው ላይ አልተጠራም ነበር። ቅር አላለንም። ስለ ቁጠባ ሲወራ የስምሪት ሰው ባይኖር ይሻላል፤ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር እያነሳ ያደፈርሳል።

ያኔ አራት መጋዘን ነበረን፤ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን። እርስዎ መጡና «አራት ኪራይ፣ አራት ዘበኛ፣ አራት ስቶር ኪፐር ለምን?» አሉ። ስላይድዎ ሲያምር! በግራ አራት ቀይ ሳጥን፣ በቀኝ አንድ አረንጓዴ ሳጥን፣ መሀል ላይ ቀስት። ቀስቷ ትራፊክ አላስቆማትም፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ አልተሰለፈችም፤ ጎማም አልፈነዳባትም። ሦስቱ ተዘግተው ገላን ብቻ ቀረ፤ አሁን ያችን ቀስት በአይሱዙ የምንነዳት እኛ ነን።

እውነት ለመናገር፣ ከነገርዎ ግማሹ ልክ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ከሞጆ በፍጥነት መንገዱ ይመጣል፣ ተሳቢው ከተማ ሳይገባ ገላን አራግፎ ይመለሳል። ኪራዩም ወርዷል፤ ወረቀቱን አይቻለሁ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ብድግ ብዬ እጅ እነሳዎ ነበር።

ግን ዘይቱ ገላን የሚመጣው ገላን ሊኖር አይደለም። ሱሉልታ ያለ ሱቅ ሊሸጥ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ነው። አዲስ አበባ መሀል ቁጭ ብላለች፣ ደንበኞቻችን ዙሪያዋን ናቸው፣ እርስዎ አንዱን ጥግ ይዘዋል። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች ሸገር ከተማ ተብለው ሲጠቃለሉ «ይኸው፣ አንድ ከተማ ሆንን» ብለው ደስ ሳይልዎ አልቀረም። የተጠቃለለው አስተዳደሩ ነው። መንገዱ እንደሆነ ዛሬም ያው ነው።

በትልቅ መኪና በአንዴ ጭነን እንዳናደርስ፣ ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ነው። ስለዚህ በተሳቢ በርካሽ የገባው ዘይት በትንንሽ መኪና ተሸንሽኖ በውድ ይወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው። በዚያ ላይ ኪራይ ቢያንስ ውል አለው። ናፍጣ ምን ውል አለው? በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋውን ስንት ጊዜ እንደ አዲስ አሰላን መሰለዎ። እርስዎ እኮ ውል ያለውን ወጪ ቀንሰው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚዘለውን ነው ያበዙልን።

ከስላይዶችዎ አንዷ ላይ «ስኩዌር ሩት» የምትል ነገር ነበረች። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ፤ ሒሳብ ሲመጣ መነቅነቅ ደንብ ነው። እሷም ብትሆን ውሸት አይደለችም። አራቱ መጋዘኖች እያንዳንዳቸው 100 ካርቶን መጠባበቂያ ከያዙ 400 ይሆናል። ሲዋሃዱ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነውና፣ 100 በ2 ተባዝቶ 200 ይበቃል። ለምን ቢሉ፣ የሰበታ ገበያ ሲደራ የሱሉልታው ይቀዘቅዛል፣ ያንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል ተብሎ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው እንግዲህ ገበያው በየፊናው ሲሄድ ነው።

ታዲያ የፋሲካ ሰሞን ሰበታ ዘይት ሲገዛ ሱሉልታ ምን እያደረገ ነው? ጾሙን ሊያራዝም አስቧል? ለእንቁጣጣሽም፣ ለገናም፣ ለዒድም ሰው የሚወጣው በአንድ ቀን ነው። «ዘይት ሊወደድ ነው» የሚል ወሬ ከተሰማ ደግሞ በአንድ ሰዓት ነው። ያን ቀን 400 ያስፈልግ ከነበረ ዛሬም 400 ነው። እርስዎ 200 ታቅፈው ይጠብቁናል።

የበዓል ሳምንት ደጃፍዎን አይተውት ያውቃሉ? በሩ አንድ ነው። ከፊት ተሳቢ ሊያራግፍ ቆሟል፣ ከኋላ የእኛ መኪኖች ሊጭኑ። ጫኝና አውራጆቹ «መጀመሪያ ተሳቢውን» ይላሉ። በካርቶን ስለሚከፈላቸው አልፈርድባቸውም። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ እግሩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ረዳቱ የካርቶን ቁራጭ አንጥፎ በመኪናው ጥላ ስር ቆሎ ይቆረጥማል፤ ጥላው ሲዞር ካርቶኑን እየጎተተ አብሮ ይዞራል። የትርፍ ሰዓቱን ፎርም የምሞላው እኔ ነኝ። «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለው። «ቁጠባ» ብዬ ልሞላው ይቃጣኛል።

አንዲት የሱሉልታ ደንበኛ አሉን። ድሮ ዘይት ሲያልቅባቸው ልጅ በጋሪ ልከው ያስወስዱ ነበር። አሁን ይደውላሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ይመጣል?»

«ነገ ጠዋት፣ እትዬ።»

«ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«መኪናው ገላን ወረፋ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ገላን፣ ገላን! ባሕር ማዶ ነው እንዴ?»

ከሌላ አከፋፋይ ገዙ። ምን ያድርጉ? ሱቅ ከፍተው የሚጠብቁት ሰው ነው፣ የእኛን ወረፋ አይደለም። ያልሸጥነው ዘይት በየትኛው የሒሳብ መደብ ይመዘገባል? በየትኛውም። ስለዚህ ሪፖርትዎ ላይ የለም፤ እርስዎም እስከ ዛሬ ንጹሕ ነዎት።

ነዳጁ ግን ተመዝግቧል፤ በእኛ ስም። የመጋዘን ክፍሉ ወጪ በመቀነሱ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ስምሪት ክፍል ነዳጅ በማብዛቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሁለቱም በአንድ ቀን ወጡ፣ ማህተማቸውም አንድ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚደምር ሰው ከታች እስከ ላይ ፈለግሁ። አንዱ «የእኔ ክፍል አይደለም» አለኝ፣ ሌላው «የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ» አለኝ።

አራቱም ይከፈቱ አላልኩም። የለገጣፎው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ቢዘጋ እሰየው። ቶሎ ቶሎ ለሚሸጠው ዕቃ ግን በሱሉልታ በኩል አንዲት ትንሽ ማቆያ ብትኖረን ምን ይጎድልብዎታል? እሱም ከከበደዎ፣ አንዱ ካርቶን ሱቅ በር ላይ እስኪደርስ ስንት እንደሚፈጅ አስልተው ይላኩልኝ። ገላን በር ላይ ስንት እንደሆነ ነግረውናል፤ ገላን በር ላይ የሚገዛን የለም።

በመጨረሻም፣ ታናሽ ወንድምዎ ክቡር «ግማሹ መኪና ይበቃናል» በመንገድ ላይ መሆናቸውን ሰማሁ። ስላይዳቸው አልቋል አሉ። እንኳን ደህና መጡ እንላለን። ብቻ በእኛ መኪና እንዳይሳፈሩ ይምከሩልኝ፤ የበዓል ሰሞን ከሆነ ስብሰባው ያመልጣቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
ስምሪት ክፍል