ሰባት ቤት መቁጠር ከጡት ካንሰር አያድንም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ የጤና ውይይት አንድ ተናጋሪ «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ስለምንጋባ በዘር የሚመጣ ካንሰር አያሰጋንም፤ መመርመሪያ ማሽኑም የለንም» አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚያግዘው ሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ጉድለት ሲያወርሱ ብቻ በሚመጣ በሽታ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም እንዲህ ያለ ነው፤ ፀሐይ ዲኤንኤ ላይ ያደረሰችው ጉዳት ሳይጠገን ይቀርና ሕፃኑ ገና በሁለት ዓመቱ ፊቱ በነጠብጣብ ይሞላል፣ የቆዳ ካንሰሩም በልጅነቱ ይጀምረዋል። ለመንዝ ደጋ ፀሐይ ክፉ በሽታ ነው። እዚህ ላይ የአባቶች ሥርዓት ጠቅሟል፤ ከዚህ በላይ ግን አያስኬድም።

ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ጂኖች የተበጠሰ ዲኤንኤ ይጠግናሉ። የእነሱን ጉድለት ለመውረስ አንድ ወላጅ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሙሽራዋ ከባሕር ማዶ ብትመጣም ይኸው ነው። የብራካ 1 ጉድለት ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ማሽኑስ? በዘር የሚመጣ ካንሰር ፍለጋ የሚጀመረው ዘመድ በመቁጠር ነው፤ ለዚህ የምን ማሽን ነው! የሰሜን ሸዋ ሰው በርስት ዘመን በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልድ እየጠራ መሬት ሲሟገት የኖረ ነው። የትውልድ ሐረጉ አለ፤ የጠፋው ጠያቂው ነው። ምርመራ ክፍል ውስጥ «እናትሽን ካንሰር ይዟት ያውቃል?» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። የአባቷን እህት የሚያነሳ የለም፤ አባት ራሱ ሳይታመም ለልጁ ሊያወርስ እንደሚችል የተረሳ ይመስላል። መጠየቅ ያለበት በሁለቱም ወገን እስከ አያት ድረስ ነው፦ ማን ታመመ፣ የቱ አካሉን፣ በስንት ዓመቱ። ዕድሜዋ ካልታወቀ «ስትታመም የመጨረሻ ልጇ ምን ያህል ደርሶ ነበር?» ይባላል። «ሆዷ ውሃ እየቋጠረ አብጦ ሞተች» የምትባለው አክስት በጉበት ስም ተሸኝታ ይሆናል እንጂ የገደላት የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በታች የመጣ የጡት ካንሰር፣ ወንድ ላይ የታየ የጡት ካንሰር፣ በአንድ ወገን የተደጋገመ የትልቁ አንጀትና የማህፀን ካንሰር ሁሉ መመዝገብ አለባቸው። የመጨረሻው ሊንች ሲንድረምን ያስጠረጥራል፤ ይህም ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርሙ ጂኖች ጉድለት ነው። ሊንች ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ አንጀቱን በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) መታየት ይኖርበታል። አርባ ዓመት እስኪሞላው ቆይ ማለት ካንሰሩን መጠበቅ ነው።

ከካንሰር ሁሉ በዘር የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው የሚሉም አይጠፉም። ብቻ? አንዷ ታማሚ ስትገኝ እህቶቿ፣ ሴትና ወንድ ልጆቿ፣ የአጎቷ ልጆች ገና በጤናቸው እያሉ በስም ይታወቃሉ። ማንን ቀድመን እንመርምር ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የቀረበ መልስ የሚሰጥ የትኛው ካንሰር ነው?