«ጉንፋን እኮ ነው» አትበሉኝ

ጅማ ላይ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አብሮ አይወጣም። ሌላው አገር አደይ አበባ ሲያይ እኛ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ እንረግጣለን። ትምህርት ቤቱ ግን ይከፈታል፤ ልጆቹ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይታጎራሉ፤ ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፤ አንዱ ያሳለውን ሁሉም ይተነፍሰዋል። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ሳል ሳይሰማ የሚያድርበት ሌሊት የለም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል።

የሚያበግነኝ ዝናቡ አይደለም። የታመመ ልጅ ቤቱ እንዲተኛ አለመፈቀዱ ነው! ልጄን ትኩሳት ሲያቃጥለው ስላደረ አስቀረሁት። በማግስቱ «የሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ቀሪ ነህ፣ ያመለጠህም ፈተና ዜሮ ነው» ተባለ። ለጉንፋን የሐኪም ወረቀት! ያንን ወረቀት ለማግኘት ትኩሳት ያለበትን ልጅ በዝናብ ባጃጅ ላይ ልጭነው፣ ካርድ ለማውጣት ልሰለፍ፣ ከሚያስሉ ሰዎች መካከል አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ላስቀምጠው ነው። ሐኪሙ የሚነግረኝን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ፈሳሽ ስጪው፣ አሳርፊው። ሲያርፍ እኮ ነበር ጎትታችሁ ያስወጣችሁት!

ጊዜውና ገንዘቡ የሌለው ወላጅ ምን ያድርግ? ጠዋት ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት ይበርዳል፤ ደብተሩን አሸክሞ ይልከዋል። አልፈርድበትም። መርካቶ ሽንኩርት ዘርግታ የምትውል እናት አንድ ቀን ከቀረች የማታው እንጀራ ይቀራል። «ጉንፋን ነው» ብለን የምናልፈው ኢንፍሉዌንዛ ግን ችግሯን አይቶ አይራራላትም። ምልክቱ ከመታየቱ 1 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል፤ ከታየ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ይተላለፋል፤ በሕፃናት ላይ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ቀሪ እንዳይባል የተላከው ልጅ በሳምንቱ ግማሹን ክፍል ያስተኛል።

ይህን ስናገር መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጉንፋን እኮ ነው፣ ምን አለው?» እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ አስም አለባት። ለልጁ የጥቂት ቀን ንፍጥ የሆነው ነገር እሷን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ እንድታነጋ ያደርጋታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነውስ ምን ሆኖ ነው? በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የሚገርመው በሽታውን ለማባረር የምናነሳው ጭስ ራሱ ለሳንባ ጠር መሆኑ ነው። እባካችሁ፣ አስም ያለበት ሰው አጠገባችሁ ካለ ፕላስቲክ አታቃጥሉ።

አራስ ጥየቃ የምትመጡትንም ልናገር። ጎረቤቴ ወልዳ ተኝታለች፤ እያስነጠሰች የገባች ሴት ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀብላ ጉንጩን ትስመዋለች። እናትየው ደግሞ ይሉኝታ ይዟት ዝም። ፍቅራችሁ ይገባኛል፤ ገንፎው አይጠፋም፣ ስትድኑ ኑ! አንዷ ደግሞ ለሳሉ ማር አልሱት አለች። የጌራ ማር ለእኔ ልጅ መድኃኒት ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ከባድ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው «ከባለፈው የተረፈ አሞክሲሲሊን አለኝ፣ ልስጥሽ?» የሚለው ደግነት ነው። አሞክሲሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም ቫይረስ ናቸው። እንዲህ በየምክንያቱ እየዋጥነው ጀርሞቹ ይለምዱታል፤ ልጁን እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው መድኃኒቱ እንቢ ይላል። ዳማከሴውን ጨምቁ፣ ዝንጅብሉን አፍሉ፣ አጥሚቱን ስጡ፤ እኔም አደርገዋለሁ። የልጁን አተነፋፈስ ግን ቁጠሩ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ጸጥ ብሎ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ከደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ዓመት ላልሞላውና ከ2 ወር በላይ ለሆነው ሕፃን ቁጥሩ 50 ነው። ሐኪም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለቀሪ ወረቀት አይደለም።

ታክሲ ውስጥ መስኮት ስከፍት «ንፋስ ይመታናል» ብላችሁ የምትቆጡኝም፣ ከኋላ የሚያስለው ሰውዬ ትንፋሽ ይሻላችኋል?

ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የማቀርበውን እዚህ ጽፌዋለሁ፦ ትኩሳት ላለበት ልጅ እስከ 3 ቀን የወላጅ ፊርማ ይብቃ፤ ፈተና ያመለጠው ሌላ ቀን ይፈተን፤ ዝናብም ቢሆን ቢያንስ አንድ መስኮት ክፍት ይሁን። ልጆቻችሁ እዚያው የሚማሩ ሁሉ፣ በዕለቱ መጥታችሁ አብራችሁኝ እጅ አውጡ።