አሻራ አልተዉም የተባሉት ሰዎች

ሰሞኑን ሜልበርን ውስጥ በሚተላለፍ አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት እስረኞችና ወርቅ ፍለጋ የመጡት ተራ ሰዎች አሻራ ሳይተዉ ስላለፉ ታሪካቸውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው አሉ። ሁለተኛ፣ አፍሪካውያን እዚህ አገር የመጣነው ትናንት ስለሆነ ነገሩ እኛን አይመለከትም አሉ። አወያዩም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

ልክ አይደለም። ከመጀመሪያው ልነሳ፤ የባሰው እሱ ነው።

አሻራ አልተዉም? ከ1788 እስከ 1868 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብሪታንያ ወደ 162,000 የሚጠጉ ሰዎችን በመርከብ ጭና ወደዚህ አግዛለች። ወደ 25,000 የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ስለ አንድ ድሃ ይህን ያህል የተጻፈበት ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም። የታዝማኒያን መዝገብ ማየት ይበቃል። እስረኛው እንደደረሰ ቁመቱ ይለካል። የዓይኑ ቀለም፣ የቅንድቡና የአገጩ ቅርጽ፣ የትውልድ ቦታው፣ ሙያው፣ ማንበብ መቻል አለመቻሉ ሁሉ ይጻፋል። ክንዱ ላይ መልሕቅ ተነቅሶ ከሆነ ይጻፋል። ትቶት የመጣው ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል ቆዳው ላይ ካለ እሱም ይጻፋል። ከዚያ ቅጣቱ ይከተላል። ሰክሮ ተገኘ፣ ለአለቃው ክፉ ቃል መለሰ፣ 25 ጅራፍ። ጨለማ ቤት፣ ዳቦና ውኃ ብቻ። ይህ መዝገብ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ ውስጥ ገብቷል። እንግዳችን አልሰሙም መሰለኝ።

እያንዳንዷን ጅራፍ ቆጥሮ የመዘገበ መንግሥት ያለበት አገር ላይ ቆሞ «ማስረጃ የለም» ማለት ድፍረት ነው። ሰዎቹ የተረሱት ስላልተጻፈላቸው ሳይሆን እንዲረሱ ስለተወሰነባቸው ነው።

ቫን ዲመንስ ላንድ የምትባለው ደሴት እስረኛ መቀበል ያቆመችው በ1853 ነው። በ1856 ስሟን ወደ ታዝማኒያ ለወጠች። አሮጌው ስም እስር ቤት ይሸት ነበራ! ቤተሰቡም እንዲሁ አያቱን ደበቀ። በ1938 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሲድኒ የደረሱበት 150ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ የመርከቦቹ አደራረስ በትርዒት ቀረበ። ገዥው አለ፣ መኮንኖቹ አሉ፣ ሰንደቅ ዓላማው አለ። እስረኛ ግን አንድም የለም። ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ማለት ይሄ ነው። ይህን ያዘጋጁት ሰዎች ማስረጃ አጥተው ነው?

ዛሬ «የቅድመ አያቴ አባት በግዞት የመጣ ነው» ማለት ኩራት ሆኗል፣ እሱን አልክድም። ታዝማኒያ ያለው የፖርት አርተር እስር ቤትና ሌሎች 10 የእስረኛ ቦታዎችም በ2010 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ግን ቱሪስቱ የሚጎበኘው ግንቡን ነው። ግንቡን የካበው ሰው ስሙ ማን ነበር? ዝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ትናንት መጣችሁ ለተባልነው።

በ1788 በመጡት 11 መርከቦች ውስጥ ጥቁር እስረኞች ነበሩ። አንዱ ጆን ሲዘር ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ ሰረቅህ ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። እዚህም ረሃቡ ሲጠናበት ደጋግሞ ጫካ ገባ። አውስትራሊያ የምትዘፍንላቸው ሽፍቶች ቁንጮ መሆን የነበረበት እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ነዋ። በ1796 ለያዘው አምስት ጋሎን የሩም አረቄ ሽልማት ተቆረጠለትና ተተኩሶ ተገደለ። ዊልያም ከፊ ደግሞ የቀድሞ ባሪያ ልጅና የለንደን ልብስ ሰፊ ነበር። ለድሃው የመምረጥ መብት ሲታገል በ1848 ተፈርዶበት ታዝማኒያ ተጣለ። በ1856 ምሕረት ቢደረግለትም አልተመለሰም። እዚሁ ለሠራተኛው መብት ሲሟገት ኖሮ በ1870 በችግረኞች መጠለያ ሞተ።

የእኔ ሰው ግን ጆን ጆሴፍ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1854 ንጋት ላይ ባላራት በምትባል የወርቅ ከተማ ውስጥ ወታደሮች የወርቅ ቆፋሪዎቹን ምሽግ ሰበሩ። ወርቅ አገኘም አላገኘም ሁሉም የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብና የፖሊስ አሰሳ አስመርሯቸው ያመፁ ሰዎች ነበሩ። ከ20 በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ። 13 ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ፤ ቅጣቱ ስቅላት ነው። መጀመሪያ ማንን አቀረቡ? ጥቁሩን አሜሪካዊ፣ ጆን ጆሴፍን። የአሜሪካ ቆንስል ነጭ ዜጎቹን ሲያስፈታ ለእሱ ዝም አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ዐቃቤ ሕጉ እሱን ያስቀደመው ከሕዝብ የተመረጡት የሜልበርን ነጭ ዳኞች (ጁሪዎች) በጥቁር ላይ ለመፍረድ አያቅማሙም ብሎ ነው፤ ሌላ ምክንያት ይኖራል ብዬ አላምንም። ሒሳቡ ግን ከሸፈ። ዳኞቹ ነጻ ለቀቁት። ሕዝቡ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሜልበርን ጎዳናዎች ተሸክሞት ዞረ። ከእሱ በኋላ የቀረቡት ሁሉ ነጻ ወጡ። እሱ ቢፈረድበት ኖሮ የሌሎቹ አንገት ምን ይሆን ነበር?

የአመፁ መሪ ፒተር ሌለር በኋላ የፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆነ። ባላራት ላይ ሐውልት ቆሞለታል። ዌሪቢ የምንኖር ሐበሾች የምንመርጠውም በእሱ ስም በተሰየመ የምርጫ ክልል ነው። ይገባዋል፣ ክንዱን አጥቷል። ጆሴፍ ግን በ1858 ሞተ፤ ልጆቻችንን ብትጠይቋቸው ስሙን የሚነግራችሁ የለም። «አሜሪካዊ እንጂ አፍሪካዊ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ባቡር ውስጥ «ወደ መጣህበት ሂድ» የሚለን ሰው መጀመሪያ ፓስፖርት አይቶ ነው እንዴ?

ቻይናዎቹንም አልረሳሁም። በ1855 ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት በሚመጣው እያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ አሥር ፓውንድ ግብር ስትጥል፣ በጎረቤት ቅኝ ግዛት ሮብ በምትባል ወደብ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጓዙ። በ1857 እዚሁ ቪክቶሪያ ያለችውን የአራራትን ወርቅ ያገኙት በዚያ ጉዞ ላይ ነው። ወርቁ የተቆፈረበት መሬት ባለቤቶች፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተዘርፈዋል፤ ለእነሱ እስረኛውም ቆፋሪውም ያው ወራሪ ነው። ይህን የሚነግረን እንግዳ ሬዲዮው ቢጋብዝ ምን ነበረበት?

በየቅዳሜው ልጆቻችንን አማርኛ የምታስተምሩ ወገኖች ደግሞ ይህን ስሙ። የጆሴፍና የጓደኞቹ የ1855ቱ ክስ ሰነዶች ሰሜን ሜልበርን በሚገኘው የቪክቶሪያ መዝገብ ቤት ውስጥ አሉ። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው የመንግሥት ፎቆች ሩቅ አይደለም። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። መግቢያው ነጻ ነው።