ሳያነቡ የሚፈርሙ ብፁዓን ናቸው

ለአውራ ጣት እስከ ዛሬ አንድ ሐውልት እንኳ አለመቆሙ ያንገበግበኛል። አርባ ገጽ የሚወጣው የውል ጽሑፍ በስልክ መስታወት ላይ ሲዘረጋለት አይደነግጥም፤ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ «ከዚህ በኋላ ተጠቃሚው እየተባለ የሚጠራው» የሚባለው ሁሉ አይበግረውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎ ከግርጌ የተሸሸገችውን ትንሽ ሣጥን ያገኛታል። «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ትላለች። ነካት፤ አለቀ። ከሁለቱ ቃላት አንዱ ውሸት መሆኑን ጣቱም ያውቃል፣ ኩባንያውም ያውቃል፣ ሕጉም ያውቃል። ሦስት ወገን እያወቀ የሚዋሽበት፣ ማንም ግን የማይቀየምበት፣ እንዲህ ፍቅር የሰፈነበት ግንኙነት ሌላ የት ይገኛል?

ድሮ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርም ሰው ፊደል ያልቆጠረ ነበር። ለእርሱም ቢሆን ጽሑፉ ምስክር ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበብለት ነበር። ዛሬ ሥልጣኔ ገብቶ ፊደል የቆጠረውም፣ ዲግሪ የደራረበውም፣ ሕግ የሚያስተምረውም እኩል በጣቱ ይፈርማል፤ የሚያነብለትም የለም። የሰው ልጅ እኩልነት በዚህ ልክ የተረጋገጠበት ሌላ መስክ ካለ ንገሩኝ።

የምቀኛ ወሬ የሚመስለው ካለ ማስረጃ አለኝ። ሁለት ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የሌለ የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ፈጥረው 543 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲመዘገቡበት ጋበዙ። የአገልግሎት ውሉን በወጉ ለማንበብ ሩብ ሰዓት ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ተማሪዎቹ በአማካይ በ51 ሰከንድ ተገላገሉት። የአገልግሎቱ ክፍያ የበኵር ልጅ እንደሆነ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። 98 በመቶዎቹ አላዩትም። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ» ያሉት የቃልን ክብደት ለማሳየት ብለው ነበር እንጂ አንድ ቀን በልጁ ላይ የሚፈርም ትውልድ ይመጣል ብለው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ፐርፕል የተባለ የእንግሊዝ ዋይፋይ አቅራቢ በነጻ ኢንተርኔት ውሉ ውስጥ የ1,000 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ሸጎጠ፤ ከሥራዎቹ መካከል ሽንት ቤት ማጽዳት ይገኝበታል። በሁለት ሳምንት 22,000 ሰዎች ተስማሙ። ነገሩን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ አንድ ሰው እንቅልፍ ነስቶኛል። የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው ዘርግቶ የሚያነብ፣ አሳንሰር ውስጥ የተጻፈውን የክብደት ልክ ከተሳፋሪዎቹ ጋር የሚያስተያይ ዓይነት መሆን አለበት። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ጎረቤት መሆን ይከብዳል።

ሕግ ግን ለጣት ያለውን አክብሮት አልሸሸገም። ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን በተባለው ግዛት፣ እህል ገዢው የተልባ ሽያጭ ውሉን ፎቶ አንስቶ ለገበሬው በስልክ ላከለት። ገበሬውም የተቀሰረ አውራ ጣት ምስል መለሰ። ተልባው ሳይቀርብ ቀርቶ ነገሩ ችሎት ሲደርስ «ደርሶኛል ማለቴ ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በ2023 «ፈርመሃል» አሉት፤ ሒሳቡም ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ መጣ። ይግባኙም በዓመቱ ውድቅ ሆነ። እንግዲህ አውራ ጣት ሥዕሉ እንኳ ይፈርማል።

የዲዝኒን ነገር ሳነሳ ግን ሽሙጡ ራሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አንዲት ሴት በኩባንያው የመዝናኛ ሥፍራ ከሚገኝ ምግብ ቤት ተመግባ በአለርጂ ሞተች፤ ባሏ ከሰሰ። የኩባንያው ጠበቆች በ2024 ያቀረቡት መከራከሪያ ሰውየው በ2019 የፊልም ማሳያ አገልግሎታቸውን ለሙከራ ሲመዘገብ ማንኛውንም ክርክር ከፍርድ ቤት ውጭ በግልግል ለመጨረስ ተስማምቷል የሚል ነበር። ሚስቱን ቀብሮ ለመጣ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት ፊልም ሊያይ የነካትን ሣጥን አወጡለት። ዓለም ሲጮህባቸው መከራከሪያውን ተዉት። የተዉት ጩኸቱን ሰምተው ነው፤ ውሉማ እዚያው ነበረ።

ጠበቆች ካነሳን አይቀር፣ ከሕዝቡ ወደ ኋላ መቅረት አልፈለጉም። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሰሰ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የቆየው ጠበቃ መከራከሪያውን ለማጠናከር ቻት ጂፒቲን፣ ለጠየቁት ሁሉ ጽሑፍ የሚያመነጨውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን፣ ቀደምት ፍርዶች አምጣ አለው። ማሽኑ ለጋስ ነው፤ አመጣለት፤ የዳኛ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ጥቅስ ሳይቀር። ከፍርዶቹ ቢያንስ ስድስቱ ተሰጥተው አያውቁም። ጠበቃው ግን ደንቆሮ አይደለም፤ ጥርጣሬ ሲያድርበት አጣርቷል። ማንን ጠየቀ? ራሱን ማሽኑን። «ይህ ፍርድ እውነተኛ ነው?» «አዎ፣ እውነተኛ ነው፤ በታወቁት የሕግ ማኅደሮች ውስጥ ይገኛል።» ሌባን «ሰርቀሃል?» ብሎ ጠይቆ «አልሰረቅኩም» ሲል ይቅርታ ጠይቆ መሸኘት ማለት ይኸው ነው።

የእኔ ጀግና ግን እርሱ አይደለም። እርሱ በዚያ ፍርድ ቤት የመቆም ፈቃድ ስላልነበረው አቤቱታው ላይ የፈረመው የሥራ ባልደረባው ነበር፤ የተጠቀሱትን ፍርዶች ሳያይ። አንዱ ማሽን የጻፈውን ሳያጣራ አቀረበ፣ ሌላው ያልተጣራውን ሳያይ ፈረመ። ማኅተም በማኅተም ላይ፣ ንባብ በሌለበት! ዳኛ ኬቪን ካስትል ይህ ጥበብ አልገባቸውም መሰል በሰኔ 2023 የ5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ከዚያም የባሰ አደረጉ፤ ማሽኑ በሐሰት የፍርድ ጸሐፊ ላደረጋቸው እውነተኛ ዳኞች ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ እንዲላክ አዘዙ። ባልዋሉበት ችሎት ፈረዱ የተባሉ ዳኞች ያንን ደብዳቤ ሲከፍቱ ፊታቸውን ማየት እንዴት በተመኘሁ!

ለንደን ግን ኒው ዮርክን አስከነዳች። በ2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመረመረው አንድ ጉዳይ ከተጠቀሱት 45 ፍርዶች 18ቱ የሌሉ ሆነው ተገኙ። ጠበቃው ከየት አመጣቸው? ከደንበኛው! ደንበኛው በማሽን ፈልጎ ሰጠው፣ ጠበቃው ተቀብሎ አቀረበው። በሽተኛው ራሱ የጻፈውን የመድኃኒት ማዘዣ ሐኪሙ ፈረመበት እንደማለት ነው፤ ክፍያው የማን እንደሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም።

ኤር ካናዳ የተባለውን አየር መንገድም መርሳት ግፍ ነው። የድረ ገጹ አነጋጋሪ ማሽን ለአንድ ሐዘንተኛ ተጓዥ ስለ ቅናሽ ቲኬት የተሳሳተ መረጃ ሰጠው፤ ሰውየው ለአንዴ እንኳ ያነበበውን አምኖ ከፈለ። ኩባንያው ምን ቢል ጥሩ ነው? ማሽኑ ለሠራው ራሱ ተጠያቂ ነው፤ ደግሞስ ትክክለኛው መረጃ ሌላ ገጽ ላይ ነበር፣ ለምን አላነበበም? ማንም አያነብም ብሎ ውል የሚጽፍ ዓለም፣ ያነበበ ሲያገኝ «ሁለተኛውንስ?» ይለዋል። የዳኝነት አካሉ በ2024 ኩባንያውን አስከፈለው።

ሕግ አውጪዎችና ዳኞች ይህን ሁሉ አይተው ዝም አላሉም። መድኃኒት አገኙ፤ መድኃኒቱም አንድ ተጨማሪ የሚፈረም ወረቀት ነው። አውሮፓ ከ2018 ጀምሮ መረጃ ለመውሰድ ፈቃድ ሲጠየቅ ሰው አውቆና ተረድቶ የሚሰጠው ይሁን አለች፤ ውጤቱ በየድረ ገጹ በር ላይ የሚገተር «ሁሉንም ተቀበል» የሚል ሣጥን ሆነ። ጣት አዲስ የሥራ ዕድል አገኘ። ቴክሳስ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2023 ጠበቆች ጽሑፉን ማሽን አልጻፈውም፣ ከጻፈውም ሰው አጣርቶታል ብለው የሚፈርሙበት ማረጋገጫ እንዲያያይዙ ጠየቁ። ሳያነብ የሚፈርምን ሰው «አንብቤአለሁ» ብሎ እንዲፈርም ማድረግ! አጥር ዘልሎ የሚገባን ፍየል አጥሩ ላይ «ፍየል አይገባም» ብሎ ጽፎ እንደመከልከል ነው፤ ፍየሉ ቢያንስ ማንበብ ስለማይችል አይታማም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ነው። ረቂቁ በ2021 ሲቀርብ ቻት ጂፒቲ ገና አልተወለደም ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ሲወለድ ለእርሱና ለመሰሎቹ ቦታ ማበጀት ግድ ሆነ። በ2024 የጸደቀው 113 አንቀጾችና 13 አባሪዎች ይዞ ነው። አሥራ አራተኛው አንቀጽ ልቤን ነካው። ለሥራ ቅጥር አመልካች የሚለዩ፣ ለብድር የሰውን አቅም የሚመዝኑ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ማሽኖች ሰው ሊቆጣጠራቸው ይገባል ይላል። ይህም ሰው ማሽኑ ያለውን ሁሉ በጭፍን የመቀበል ዝንባሌ እንዳለ የሚያውቅ መሆን አለበት። የትኛው ሰው? እኛው ነና! የበኵር ልጁን በ51 ሰከንድ የፈረመው። ከአንድ ሺህ አመልካች ዘጠኝ መቶውን ማሽኑ ጥሎ ዝርዝሩን ሲያመጣለት፣ ሰዓቱ ወደ ምሳ ሲቃረብ፣ ተቆጣጣሪው መስታወቱ ላይ የሚያያት ነገር ምን ትመስላችኋለች? ትንሽ ሣጥን። «መርምሬ አጽድቄአለሁ።»

ለዚህ ዓምድ የሚሆነውን ጽሑፍ ጨርሼ በላክሁ ጊዜ አዘጋጁ ደግሞ ቅጽ ላከልኝ፤ ካልፈረምኩ አይታተምም። ስድስት ገጽ ሆኖ ስላገኘሁት አሳጥሮ እንዲነግረኝ ለማሽን ሰጠሁት። «ጽሑፉን ያለማሽን እገዛ ማዘጋጀትህን፣ ይህንንም ቅጽ ራስህ ማንበብህን የምታረጋግጥበት ነው» አለኝ። አመስግኜው ፈረምኩ።