ጋሽ ፉል ፍሬም ይኑሩልን

ፎቶ የሚያነሳ ሰው መቼም አመስጋኝ አያጣም። እኔ ዛሬ የማያነሳውን ፎቶ አንሺ ላመስግን።

ትልቅ የምስል ሴንሰር ያለውን ካሜራ ፉል ፍሬም ይሉታልና ስማቸውን ጋሽ ፉል ፍሬም እንበላቸው። በዕድሜ ከእኔ ሦስት ዓመት ያንሳሉ። አንቱ የምላቸው ለካሜራቸው ክብር ስል ነው። ፒያሳ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፤ ማኪያቶ ከፊታቸው፣ የካሜራ ቦርሳ ከጎናቸው። ቦርሳው ለብቻው ወንበር አለው። መቀመጫ ያጣ ሰው ቢጠይቅ "ሰው አለበት" ይባላል።

እውቀታቸው የጉድ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚገጠምበትን ማሰሪያ ቀይሮ የድሮ ሌንስ የያዙ ደንበኞቹን ሜዳ ላይ እንደጣላቸው ሲያወሩ የአባታቸው ርስት የተነጠቀ ነው የሚመስለው። ያኔ ገና አልተወለዱም። ኒኮን የ1959ኙን ማሰሪያ ሙጭጭ ብሎ ስለያዘ "የጨዋ ልጅ" ይሉታል። እሱም በ2018 ከካኖን እኩል መስታወት ለሌለው ካሜራ፣ ለሚረርለስ ብሎ አዲስ ማሰሪያ ማምጣቱን ካነሳንባቸው ማኪያቷቸውን ማማሰል ይጀምራሉ። ሶኒማ "የቴሌቪዥን ነጋዴ" ነው። የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ በ2006 ተረክቦ ስለገባበት በእሳቸው ዘንድ እስከ ዛሬ የእንጀራ ልጅ ነው። የራሳቸው ካሜራ ስም በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። ሶኒ መሆኑን ያወቅነው ባትሪ ሲቀይሩ ነው።

61 ሜጋፒክስል ነው። ያነሱትን በቴሌግራም ይልኩልናል፤ ቴሌግራም ጨምቆ ጨምቆ ያደርሰናል፤ እኛም ሁለት ሦስት ሜጋፒክስል በሆነ የስልክ ስክሪን እናየዋለን። ኤፎር ወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ለማተም እንኳ ዘጠኝ ገደማ ይበቃል። የቀረውስ? "ክሮፕ ለማድረግ" ይላሉ፤ ዙሪያውን ቆርጦ የቀረውን ለማጉላት። አርቆ አሳቢ ናቸው። ተነስተው ሁለት እርምጃ ከሚጠጉ 52 ሜጋፒክስል ቢከፍሉ ይመርጣሉ።

አንድ ቀን ወዳጅነት ፓርክ ለሰርግ ፎቶ ተከትያቸው ሄድኩ። ልክ ስድስት ሰዓት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ምሕረት የላትም፤ የሙሽሪት ዓይኖች በጥላ ተውጠው ጉድጓድ መስለዋል። ዛፉ ሥር አስጠግቶ ማንሳት እንግዲህ የፋራ መላ ነው። ጋሽ ፉል ፍሬም ሚዜዎቹን ሰብስበው ካሜራ ከደማቁ እስከ ጨለማው ስንቱን እንደሚይዝ፣ ስለ ዳይናሚክ ሬንጅ አስተማሩ። አንደኛው ሚዜ ማስታወሻ ሊይዝ ምንም አልቀረው። ትምህርቱ ሲያልቅ የተገጠመው ሌንስ እንደማይሆን ታወቃቸውና 85 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ፍለጋ ቦርሳ ውስጥ ገቡ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! ሙሽራው ሙሽሪትን ግንባሯን ሳማት፤ እሷም እንባዋ መጣ። እሳቸው የሌንሱን ክዳን እየፈለጉ ነበር። አሁን ሙሽሮቹ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ የሚታየው የሙሽሪት ታናሽ እህት በስልኳ ያነሳችው ነው። ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። ጋሽ ፉል ፍሬም አይተውት፣ ነጠብጣቡን በጣታቸው እያሳዩ "ኖይዝ አለው" አሉ።

ለማንም አያዳሉም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ከዚያ ዘመን አንድ ፎቶ ባሳያቸው "ጠርዙ ላይ ሻርፕ አይደለም" አሉኝ። ንጉሡ የተቀመጡት መሃል ላይ ነው ልላቸው አስቤ ተውኩት።

ትልቁን ውለታቸውን ግን አልነገርኳችሁም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄደ። አንድ ጓደኛችን አያቱ የኖሩት እዚያ ነበር። ለእናቱ የሚሰጣት የሰፈሩ ፎቶ ፈለገ። ከጋሽ ፉል ፍሬም ሌላ ወዴት ይኬዳል? ስንት ዓመት ሙሉ ካሜራ ይዘው ወደ ሰፈሩ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ስኒ። ስኒ በግራ በኩል። ስኒ በካኖን፣ ስኒ በኒኮን፣ ስኒ በሶኒ። ሁሉም በኤፍ 1.4፤ ስኒውን አጥርቶ ከጀርባው ያለውን ሁሉ በሚያደበዝዝ ሰፊ የሌንስ ክፍተት። የስኒው ጠርዝ እንዴት እንደጠራ ብታዩ! የቡናው አረፋ ይቆጠራል። ከስኒው ጀርባ ቢጫና ቀይ ክብ ክብ ነገር ተንሳፍፏል፤ ይህን ብዥታ እሳቸው ቦኬ ይሉታል።

"ይቺ ቢጫዋ የሥጋ ቤቱ አምፖል ናት" አሉ በጣታቸው እያሳዩ።

ጓደኛችን ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "የአያቴ ቤትስ?"

ጋሽ ፉል ፍሬም አሰቡ፤ አሰቡና ከስኒው እጀታ በስተቀኝ ያለች ቡናማ ጭጋግ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይሄ መሰለኝ። አቤት ቦኬ! ቅቤ እኮ ነው።"