ያቺ ሹል የት ሄደች?

ደሴ ውስጥ ቡና ሦስት ጊዜ ይጠጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ላይ ቡናው ይቀጥንና ምርቃቱ ይወፍራል። የቢሮአችን ኢሜይልም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ በሦስት አለመቆሙ ብቻ።

አለቃው ለክፍል ኃላፊ ይመራል። ኃላፊው ለቡድን መሪ፣ እያለ እኛ ጋ ይወርዳል። በተመራ ቁጥር በየመስመሩ ፊት አንድ «ይበልጣል» ይተከላል፤ ያቺ በሒሳብ የምናውቃት ሹል። ከማን እንደሚበልጥ ግን አይጻፍም። ለእኛ ሲደርስ አምስት ሹል ተደርድሯል። የኢሜይል ፕሮግራማችን አውትሉክ ደግሞ በቀላል ጽሑፍ፣ ያለ ቀለምና ያለ ጌጥ፣ የሚላክን መስመር፣ ቅንብሩን ካልነኩት፣ 76ኛው ፊደል ገደማ ይሰብረዋል። ሹሉ ሲገፋው የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ታች ትወድቃለች።

ባለፈው የወደቀችው ቃል «አይደለም» ነበረች።

«ሐሙስ 3 ሰዓት በሚካሄደው ስብሰባ መገኘት ግዴታ» ይላል የመስመሩ ጫፍ። ከአምስት ሹል ኋላ፣ ታች፣ «አይደለም»። ማን ወርዶ ያያታል? ሐሙስ የጦሳ ተራራ ብርድ እየቆነጠጠን፣ ጋቢ የደረበውም ደርቦ፣ ሁላችንም ተገኘን። የቀረው ስብሰባውን የጠራው ሰው ብቻ ነው።

ተናድጄ ማስተካከያውን ፈለግሁ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ ከዚያ ወደ ታች። መልእክት ሲመራ የቀድሞው ጽሑፍ እንዴት ይግባ የሚል ምርጫ አለ። እንዳለ ይካተት፣ ገባ ብሎ ይጻፍ፣ አባሪ ይሁን፣ በየመስመሩ ምልክት ይጨመርበት። እኛ በመጨረሻው ነው የኖርነው። «እንዳለ ይካተት» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ግን የሚሠራው በራሴ ኮምፒውተር ነው። ሌላው የተከለውን ሹል አይነቅልም። ስለዚህ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ መዞር መጣ። ወሎ ውስጥ ይሄ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። «አብሽር፣ ይደርሳል። መጀመሪያ ቁጭ በል!» ከሁሉም ጋ ሲኒ አለ። ሦስት ቀን ፈጀሁ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

አንዱ ባልደረባዬ እስክደርስ አልጠብቅም ብሎ በገዛ እጁ «አባሪ ይሁን» የሚለውን ነካ። የሱ መልእክት ሲከፈት ውስጡ ሌላ መልእክት፣ እሱም ሲከፈት ሌላ። ሽንኩርት በሉት። ጉዳዩ ጋ ስትደርሱ እንባችሁ መጥቷል።

ሰኞ ንጹሕ ደብዳቤ ገባ። ወዲያው አለቃችን አስጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ሹል የት ሄደች?»

«አጠፋኋት ጋሼ።»

«ታዲያ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ በምን ልቁጠር?»

«ላኪውና ቀኑ ከላይ ተጽፏል እኮ።»

«እሱን ማን ያነባል!»

ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ጎራ አልኩ። እትዬ ኢሜይሉን አትመው፣ የ«ገቢ» ማኅተም መትተውበት፣ በየመስመሩ ፊት በእስክርቢቶ ሹል ይስላሉ። አምስት አምስት።

«ና እስቲ ተቀመጥ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «በረካው ገና ነው።»