«የአብራሪ ስህተት» ብሎ መዝገብ መዝጋት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ በረራ ኢቲ 302፣ 6 ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ሐዘኑ ሳይበርድ ጣት ወደ አብራሪዎቹ መቀሰር ተጀመረ። በግንቦት ወር አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ አሜሪካ ውስጥ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር የሚል ንግግር በይፋ አደረጉ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወገኖቻችንን ስለነካ ብቻ አይደለም፤ የአቪዬሽን ሳይንስ ከ70 ዓመት በፊት የተወውን አስተሳሰብ ከመቃብር ስላወጣው ነው።

ሳይንሱ ሂውማን ፋክተርስ ኢንጂነሪንግ ይባላል። ማሽን የሚጠቀምበት ሰው ምን ያያል፣ ምን ይሰማል፣ ሲጨነቅ ስንት ነገር ባንዴ መያዝ ይችላል ብሎ ይጠይቅና ማሽኑን በዚያ ልክ ይሠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ አብራሪዎች የክንፍ መዘርጊያውን የሚመልሱ መስሏቸው ጎማውን ያጥፉት ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይተኛል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ሲመረምር ሁለቱ ማንሻዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ መልካቸውም አንድ ሆኖ አገኛቸው። ሲ-47 በተባለው ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ ግን ማንሻዎቹ ስለሚለያዩ እንዲህ ያለ ስህተት አልነበረም። በመፍትሔነት በጎማው ማንሻ ጫፍ ትንሽ ጎማ፣ በክንፉ ማንሻ ጫፍ ሽብልቅ መሳይ ነገር ተገጠመ። እጅ ያለ ዓይን እርዳታ ለያቸው። ዛሬም የአውሮፕላን ማንሻዎች በዚሁ ቅርጽ ይሠራሉ።

ይህ ነገር ከአውሮፕላን ውጭም በየቀኑ ያጋጥመናል። ብሩን ቀድሞ፣ ካርዱን ኋላ የሚሰጥ የባንክ ማሽን ላይ ካርዱን ረስቶ የሚሄድ ሰው ይበዛል። ሰውየው የመጣው ብር ፈልጎ ነው፤ ብሩን ሲጨብጥ ጉዳዩ በልቡ አልቋል። ካርዱን አስቀድሞ የሚመልስ ማሽን ላይ ግን ያው «ዝንጉ» ሰው አይረሳም።

ወደ ኢቲ 302 እንመለስ። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ፣ አፍንጫው ከነፋሱ አንፃር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አለ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። በዚያች ቅጽበት የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አውሮፕላኑ ተንሳፍፎ መቆየት አቅቶት ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስም አልቆመም። የግራና የቀኝ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች ተጣረሱ። ቆይቶ የፍጥነት ገደብ ማለፉን የሚያሳውቀው ድምፅ ተጨመረ። በዚህ ሁሉ መሃል ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት፣ ያንን አንድ የተሳሳተ ሴንሰር ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋው ነበር።

ረዳት አብራሪው፣ ኤምካስ ጅራቱን የሚያንቀሳቅስበትን ኤሌክትሪክ ማጥፊያ ደጋግሞ ጠራ፤ ካፒቴኑም ተስማማ። ከኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ እንዲያደርጉ የነገራቸው ይህንኑ ነበር። ረዳቱ በእጅ የሚዞረውን የጅራቱን ማዞሪያ ሲሞክር ግን አልሠራም አለ፤ በዚያ ፍጥነት የነፋሱ ጫና ጅራቱን ቀርቅሮታል። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲበራ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ከሁለቱ ወጣቶች እጅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ንድፉን አላየም። 737 ማክስ ሁለት ሴንሰር እያለው ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለቱ ሲጣረሱ የሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ ተጨማሪ መሣሪያ በገዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ይሠራ ነበር። ላየን ኤር ላይ 189 ሰዎች እስካለቁበት እስከ ጥቅምት 2011 ድረስ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በመስከረም 2012 እንዳመለከተው፣ ቦይንግ አብራሪዎች በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ችግሩን ይለያሉ ብሎ ሲገምት፣ ሴንሰሩ ሲበላሽ ተከታትለው የሚመጡትን ማስጠንቀቂያዎች በሙከራው አላስገባም። ጸጥ ባለ ክፍል የተገመተ አብራሪ ነው እንግዲህ እዚያ ጩኸት ውስጥ የተገኘው።

አውሮፕላኑ ተመልሶ እንዲበር የተፈቀደለት ንድፉ ሲስተካከል ነው። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ አፍንጫውን የሚደፋውም በአንድ አጋጣሚ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠን ግዴታ ሆኗል። ጥፋቱ የእጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

አንድ ነገር ግን በእኛም በኩል መነገር አለበት። የእኛ መርማሪ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በ2015 ሲያወጣ፣ አሜሪካኖቹ የአብራሪዎቹ ሥራ በበቂ አልተተነተነም ብለው ተቃወሙ። ጥፋቱን ለአብራሪዎቹ አካፍሎ ለማምለጥ ነው ብሎ የጠረጠረ ብዙ ነው፤ ጥርጣሬው ይገባኛል። እኔ ግን ያንን ምዕራፍ አስረዝመን መጻፍ የነበረብን እኛ ነን እላለሁ። ሰውን መመርመር ሰውን መክሰስ አይደለም። የሞተሩ ጉልበት ለመነሻ በተቀመጠበት መጠን እንዳለ መቅረቱ የታወቀ ነው፤ ፍጥነቱ የበረታውና ማዞሪያውም የከበደው በዚሁ ነው። የሚንቀጠቀጥ መሪ በሁለት እጁ የያዘ ካፒቴን ያንን ለማየት ትኩረት ከየት ያመጣል? ስንት ድምፅ ባንዴ ሲጮህ ነው ጆሮ መስማት የሚተወው? የዚህን መልስ በዝርዝር፣ በራሳችን ባለሙያዎች ተጽፎ ማንበብ እፈልጋለሁ።